ፎርሙ የእናቷን ስም ይጠይቃል፤ እናት መሆኗን ግን አይጠይቅም

ዩኒቨርሲቲ የገባ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ወረቀት አለ፤ የወጪ መጋራት ውል። እኛ «ኮስት ሼሪንግ» የምንለው። ፎቶ ለጥፈን፣ የእናታችንን ስም ሞልተን፣ ሳናነበው ፈርመን የመለስነው። እኔ እንኳ የኢኮኖሚክስ ተማሪ ሆኜ ሳላነብ ነው የፈረምኩት። ዛሬም ሳስበው ያስቀኛል።

ሰሞኑን ይሄን ወረቀት ያስታወሰችኝ አንዲት የሮብ ገበያ ልጅ ናት። ሮብ ገበያን ለማታውቁ፦ ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ያለች፣ ስሟ እንደሚናገረው የሮብ ገበያ የሚቆምባት ቦታ ናት። ልጅቷ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። የአምስት ዓመት ወንድ ልጅም አላት። ልጁን የምታሳድግላት እናቷ ናት። ተማሪዋ ለእረፍት ወደ ቤት ስትመለስ ልጁ «እቴቴ መጣች!» እያለ ነው የሚቀበላት። «እማዬ» የሚላት አያቱን ነው።

ታሪኳ ለአካባቢው ሰው እንግዳ አይደለም። በልጅነቷ ተዳረች፣ ወለደች፣ ፈታች፣ ልጇን ለእናቷ ሰጥታ ወደ ክፍል ተመለሰች፣ የ12ኛ ክፍል ፈተናን አለፈች። እኔ ስለ ትዳሩ ታወራኛለች ብዬ ስጠብቅ እሷ ያነሳችልኝ ስለ ፎርሙ ነው። የእናቷን ስም ጠይቋታል። እናት መሆኗን የጠየቃት ወረቀት ግን እስካሁን አላጋጠማትም።

ነገሩ ቀላል ይመስላል። ግን ብዙ ነገር የሚበላሸው እዚያው ጋ ነው። በእኛ ሥርዓት ተማሪ ማለት የአንድ ሰው ልጅ ነው፤ ራሱም ወላጅ ሊሆን ይችላል የሚል ሐሳብ የለም። ስለዚህ ብቻዋን ልጅ የምታሳድግ ተማሪ የምታገኘው ድጋፍ፣ ልጅ የሌላት የዶርም ጓደኛዋ ከምታገኘው ጋር እኩል ነው። ሲሰሙት ፍትሐዊ ይመስላል። እስቲ ሒሳቡን እንየው።

ነጻ ያልሆነው «ነጻ» ትምህርት

የወጪ መጋራት ሥራ ላይ የዋለው በ1996 ዓ.ም. ነው። በኋላ በ2000 ዓ.ም. በወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 154 ተሻሻለ። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ተማሪው ከትምህርቱ ወጪ ቢያንስ 15 በመቶውን፣ ከምግብና ከመኝታ ደግሞ ሙሉውን ይሸፍናል። አሁን ከኪሱ አይከፍልም። ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ በየወሩ ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ ይመልሳል። መምህር የሚሆኑት በአገልግሎት ይከፍላሉ። ባጭሩ፣ ካፌ የምንበላው ሽሮ ብድር ነው።

ብድሩ ደግሞ እያደገ ነው። የአንድ ተማሪ የቀን የምግብ በጀት ለዓመታት 15 ብር ነበር። ከዚያ 22 ብር ሆነ። በ2017 ዓ.ም. ወደ 100 ብር ከፍ አለ። የገበያውን ዋጋ ላየ ሰው ጭማሪው ቢዘገይ እንጂ አይበዛም። ግን እናስላው፦ 100 ብር በ30 ቀን 3,000 ብር ነው። በዓመት አሥር ወር ግቢ ውስጥ ከቆየን 30,000። በአራት ዓመት 120,000 ብር። በደንቡ መሠረት ሙሉው ከተመዘገበባት፣ ተማሪዋ ለምግብ ብቻ ይሄን ያህል ዕዳ ይዛ ትወጣለች ማለት ነው።

ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ጀማሪ የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ 11,500 ብር ሆኗል። አሥር በመቶው 1,150 ብር ነው። ደመወዙ ባለበት ቢቆም፣ የምግቡን ዕዳ ብቻ ለመጨረስ ዘጠኝ ዓመት ገደማ ይፈጃል። ይሄ ለሁላችንም ነው። ልዩነቱ እዚህ ጋ ይመጣል፦ ላጤው ከሚቀረው ደመወዝ የሚያበላው ራሱን ነው። እሷ ግን ራሷን፣ ልጇን፣ ስታሳድግላት የደከመችውን እናቷንም ነው። ቆራጩ 10 በመቶ ግን ስንት አፍ እንዳለ አይጠይቅም።

አያት የምትከፍለው

ይሄ እንግዲህ ከተመረቁ በኋላ ያለው ነው። ግቢ ውስጥ እያሉስ?

የቀኑ 100 ብር የአንድ ሰው ምግብ ነው። የካፌ ትሪ ወደ ሮብ ገበያ አይላክም። ስለዚህ አንዳንድ እናት ተማሪዎች «ነን ካፌ» ይሆናሉ፤ ማለትም ምግቡን ትተው ገንዘቡን በእጃቸው ይቀበላሉ። ከዚያ ከራሳቸው አፍ ቀንሰው በቴሌብር ወደ ቤት ይልካሉ። አያትየዋ ስልኩን የማትችልበት ከሆነ ለጎረቤት ባለሱቅ ይላክና ሳሙናና ደብተር ሆኖ ይደርሳል። በአንድ ሰው የምሳ ገንዘብ ሁለት ሰው ማደር ማለት ይሄ ነው። ውጤቱ የት እንደሚታይ ለመገመት ኢኮኖሚክስ መማር አያስፈልግም፤ ሳይበሉ ላይብረሪ የተቀመጡ ያውቁታል።

የቀረውን የምትሸፍነው አያት ናት። ሮብ ሲደርስ እንቁላሉን፣ ጌሾውን፣ በጣሳ የተሰፈረችውን ጤፍ ይዛ ገበያ ትወጣለች። የልጁ ዩኒፎርም፣ የጤና ጣቢያው ካርድ፣ የበዓሉ ልብስ ከዚያ ነው የሚወጣው። ከገንዘቡ በላይ ደግሞ ጊዜዋ አለ። ሕፃን የያዘች ሴት አጨዳ ላይ እንደልቧ መዋል አትችልም፤ ሩቅ ገበያ ሄዳ ማደር አትችልም። ያልሠራችው ሥራ ገቢ ነበር። እኛ ክፍል ውስጥ «የታለፈ ዕድል ዋጋ» እያልን ለፈተና የሸመደድነው ነገር ማለት ይሄው ነው።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ብቻቸውን ልጅ ለሚያሳድጉ ተማሪዎች በአገራችን የድጋፍ ፕሮግራም አለ። ስሙ አያት ነው። በጀቱ ከገበያ ቅርጫት ይወጣል። አያት የሌላት ተማሪ ደግሞ ፕሮግራሙ አይመለከታትም፤ እሷ ቀድማ ትምህርቷን አቋርጣለች።

ሠራተኛ ብትሆን ኖሮ

መንግሥት እናትን መቁጠር አይችልም እንዳንል፣ ይችላል። በሌላ ቦታ ሲቆጥር እናያለን።

የ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር እንድታርፍ ይደነግጋል። የ2010 ዓ.ም. የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 ተመሳሳይ እረፍት ሰጥቶ፣ መሥሪያ ቤቶች ሴት ሠራተኞች ልጆቻቸውን የሚያጠቡበትና የሚንከባከቡበት ማቆያ እንዲያቋቁሙ ጭምር አዝዞ ነበር። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራምም ነፍሰ ጡሮችንና የሚያጠቡ እናቶችን ከጉልበት ሥራ አውጥቶ፣ ልጁ አንድ ዓመት እስኪሞላው ድጋፉን ያለ ሥራ ይሰጣል።

አያችሁ? ቢሮ ብትሠራ እናት ናት። ፋብሪካ ብትሠራ እናት ናት። እርከን ብትሠራ እንኳ እናት ናት። የዩኒቨርሲቲውን በር ስታልፍ ግን እናትነቷ ጥበቃው ጋ ይቀራል።

ግቢ ውስጥ ያረገዘች ተማሪ ምን አላት? በአብዛኛው ያላት ምርጫ «ዊዝድሮው» መሙላት ነው። ኮርሶቻችን ብዙ ጊዜ በዓመት አንዴ ነው የሚሰጡት። ስለዚህ ሴሚስተር አጋማሽ ላይ የወለደች ልጅ የሚያስፈልጋት የሦስት ወር እረፍት ሆኖ ሳለ የምታጣው ሙሉ ዓመት ነው። ስትመለስ ጓደኞቿ ቀድመዋታል፣ ዶርሟ ተቀይሯል፣ ልጁ ደግሞ ገና እየጠባ ነው። ዶርም ሕፃን አያስገባም። ወይ ውጭ ቤት ተከራይታ የመኝታ ድጋፏን ትተዋለች፤ ወይ ልጁን ጡት አስጥላ ለእናቷ ትሰጣለች።

የተደረገውን ደግሞ አንካድ። በተለያዩ ዓመታት በወጡ የምደባ ማስታወቂያዎች ላይ፣ የጤና ችግር ካለባቸውና ከአካል ጉዳተኞች ጋር የሚያጠቡ እናቶችም በልዩ ሁኔታ እንዲታዩ ዕድል ሲሰጥ አይተናል። ለቤቷ ቅርብ መመደብ ለአንዲት እናት ትልቅ ነገር ነው። በየዩኒቨርሲቲው ያሉ የሥርዓተ ጾታ ቢሮዎችም አቅም ለሌላቸው ሴት ተማሪዎች የኪስ ገንዘብና የንጽሕና መጠበቂያ ይሰጣሉ። ጥሩ ነው። ችግሩ፣ የመጀመሪያው ከምደባ በኋላ ያበቃል፤ ሁለተኛው ደግሞ የሚያየው ድህነቷን ነው። ልጇ አሁንም የለም።

አባትየውስ?

አንባቢ «አባቱ የት ሄዶ ነው መንግሥት የሚጠየቀው?» ሊል ይችላል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው።

ሕጉ ግልጽ ነው። የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በ1992 ዓ.ም.፣ የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 79 በ1995 ዓ.ም. ወጥተዋል፤ ወላጅ ልጁን የመቀለብ ግዴታ አለበት። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 36 ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ በጋብቻ ከተወለደው እኩል መብት እንዳለው ይናገራል። ስለዚህ «ተፋተናል» ወይም «አልተጋባንም ነበር» ማለት ከቀለብ አያድንም።

ግን ፍርድ አንድ ነገር ነው፣ ገንዘቡን ማግኘት ሌላ። አባትየው ደመወዝተኛ ከሆነ ፍርድ ቤት ከደመወዙ እንዲቆረጥ ያዛል፤ ሕጉ ከሲሶው በላይ አይቆረጥም ቢልም በየወሩ የሆነ ነገር ይደርሳታል። አራሽ ከሆነስ? ወይም የቀን ሥራ ፍለጋ አገር ለቆ ከሄደስ? ደመወዝ ከሌለ የሚቆረጥ የለም። የልደት ምዝገባ በአዲሱ ሥርዓት በአገር ደረጃ የተጀመረው ገና በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው። ያለ ዕድሜ የተፈጸመን ጋብቻ ደግሞ ማን ሄዶ ያስመዘግባል? በወንጀል የሚያስጠይቅ ነገር እኮ ነው። ስለዚህ ልጅቷ መጀመሪያ አባትነትን በምስክር ማስረዳት ይጠበቅባታል።

በዚህ ላይ ተማሪ ናት። ቀጠሮው ወረዳ ፍርድ ቤት፣ እሷ ሌላ ከተማ። ቀጠሮው ከሚድ ኤግዛም ጋር ይጋጫል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ በቀጠለው ግጭት ደግሞ መንገድ የሚዘጋበት ቀን ብዙ ነው። አንዴ የቀረ ከሳሽ ፋይሉ ይዘጋበታል። ለዚህ ነው ብዙዎቹ «ይቅርብኝ» የሚሉት። መብቱ ጠፍቶ ሳይሆን መብቱን ለማስከበር የሚወጣው ከሚገኘው ቀለብ ስለሚበልጥ ነው።

«ይሄማ ማበረታታት ነው»

ይሄን ሐሳብ ለጓደኞቼ ሳነሳ የሚመጣው የመጀመሪያ ተቃውሞ ይሄ ነው፤ ለተማሪ እናት ድጋፍ መስጠት ሌላውን «ውለጂ» ማለት ነው ይላሉ።

በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት፣ ከ20 እስከ 24 ዓመት ከሆኑት ሴቶች 40 በመቶው 18 ዓመት ሳይሞላቸው ማግባታቸውን አሳይቷል። ከእነዚህ ስንቷ ናት ተጠይቃ ያገባችው? በእኛ አካባቢ ያለ ዕድሜ ጋብቻ ሥር የሰደደ መሆኑን ለጎጃም ሰው መንገር አያስፈልግም። ግጭቱ ደግሞ አባብሶታል፤ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ዳስ ይጣላል። በ15 ዓመቷ የተዳረች ልጅ ስድስት ዓመት ቆይቶ የሚመጣ የተማሪ ድጎማ አስባ አልወለደችም። ሌሎቹም ቢሆኑ፣ በወር ጥቂት መቶ ብር ብላ የምታረግዝ ሴት ማግኘት የሚችል ሰው ሕፃን አሳድጎ የማያውቅ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል፦ «አገሪቱ ገንዘብ የላትም።» እውነት ነው። ግን በዚሁ በገንዘቡ እንነጋገር። የ12ኛ ክፍል ፈተናን 50 በመቶና ከዚያ በላይ አምጥቶ ያለፈው በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ነበር። ልጅ እያሳደገች ከዚህ ወንፊት ያለፈች ልጅ ምን ዓይነት ተማሪ እንደሆነች አስቡት። መንግሥት እስከ 12ኛ ክፍል አስተምሯታል፤ ዩኒቨርሲቲ ውስጥም መምህር፣ ክፍልና ምግብ አውጥቶባታል። ሦስተኛ ዓመት ላይ ልጁ ታሞ፣ አያት ደክማ ትምህርቷን ብታቋርጥ ያ ሁሉ ይባክናል። ብድሩም አይመለስም፤ ደመወዝ የሌላት ሰው 10 በመቶ የላትም። እሷን ለማስጨረስ የሚጨመረው ገንዘብ፣ እስካሁን የወጣውን ከማጣት ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። ይሄን የምለው በርኅራኄ ብቻ አይደለም፤ ቀዝቃዛ ሒሳብ ነው።

ሌሎች እንዴት አደረጉት?

እንግሊዝ አገር ልጅ ያለው የሙሉ ጊዜ ተማሪ የሕፃናት መዋያ ክፍያ ድጎማ ማመልከት ይችላል፤ እስከ 85 በመቶ ይሸፈንለታል፤ እንደ ብድርም አይመለስም። እሱ የሀብታም አገር ነገር ነው እንበልና እንለፈው።

ለእኛ የሚቀርበው ደቡብ አፍሪካ ነው። እዚያ ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ በድህነት ውስጥ ላሉ ልጆች ወርኃዊ ድጎማ አለ። የወደድኩት ነገር ገንዘቡ የሚሰጠው ልጁን በተግባር ለሚያሳድገው ሰው መሆኑ ነው። አያት ከሆነች ለአያት። አጎት ከሆነ ለአጎት። የእነሱ ሕግ «እማዬ የምትባለው ማን ናት?» ብሎ ጠይቋል ማለት ነው። እዚሁ አህጉራችን ውስጥ ሌላም ለውጥ አለ፤ ታንዛኒያ ያረገዙ ተማሪዎች ወደ ትምህርት ቤት እንዳይመለሱ ይከለክል የነበረውን አሠራሯን በ2014 ዓ.ም. ሽራለች።

ታዲያ ምን ይደረግ?

ከርካሹ ልጀምር።

አንደኛ፣ ይጠየቅ። በምዝገባ ፎርም ላይ «የምታሳድገው/የምታሳድጊው ልጅ አለ?» የሚል አንድ መስመር ይጨመር። ያልተጠየቀ አይቆጠርም፤ ያልተቆጠረ በጀት አይያዝለትም። መልሱ ግን በፈቃደኝነትና በምስጢር መሆን አለበት። ብዙ ልጆች እናትነታቸውን የሚደብቁት ወሬውን ፈርተው እንደሆነ ግቢ የኖርን እናውቃለን። መልሱ የክፍል ተጠሪ እጅ የሚገባ ከሆነ ባይጠየቅ ይሻላል። ወንዶችም ይጠየቁ፤ ብቻውን የሚያሳድግ አባት ጥቂት ቢሆንም አለ፤ ያልተወለደለት የመሰለውም የሚያስታውስበት አጋጣሚ ይሆናል።

ሁለተኛ፣ እናት ተማሪ ምግቧን በዓይነት ወይም በገንዘብ የመውሰድ ምርጫ ይረጋገጥላት፤ ገንዘቡም በወሩ መጀመሪያ ይግባላት። በሦስት ወር ተጠራቅሞ የሚመጣ ገንዘብ ለሕፃን ወተት አይሆንም። ይሄ አዲስ በጀት አይጠይቅም።

ሦስተኛ፣ ለተማሪም የወሊድ እረፍት ይደንገግ። 90 ቀን አርፋ ያመለጣትን ፈተና እንድትወስድ፣ ዓመቱን እንዳታጣ። ይሄም ከገንዘብ ይልቅ የሴኔት ውሳኔ ነው የሚፈልገው።

አራተኛ፣ አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ለሠራተኞቻቸው የከፈቱት የሕፃናት ማቆያ ለተማሪ እናቶችም ይከፈት። የሕግ ትምህርት ክፍሎች የሚሰጡት ነጻ የሕግ ድጋፍም የቀለብ ጉዳይን ይያዝላቸው፤ ልጅቷ ከፈተናና ከቀጠሮ እንዳትመርጥ።

አምስተኛውና ውዱ፣ ከወጪ መጋራቱ ላይ ነው። ልጅ የሚያሳድግ ተመራቂ የሚቆረጥበት 10 በመቶ ዝቅ ይበልለት፣ ወይም የመክፈያ ጊዜው ይራዘምለት። ይሄ ደንብ ማሻሻል ይጠይቃል። ግን ጊዜው አሁን ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2015 ዓ.ም. በወጣ አዋጅ ራስ ገዝ ሆኗል፤ ሌሎቹም በተራቸው ወደዚያው እየተባለ ነው። ማን ምን ያህል ይከፍላል፣ መንግሥት ለማን ይደጉማል የሚለው እንደ አዲስ እየተጻፈ ነው። አዲሱ ቀመርም ተማሪን በጭንቅላት ብቻ ከቆጠረ፣ ያ የአምስት ዓመት ልጅ ለሌላ ሃያ ዓመት አይታይም።

ልጅቷ አሁን ወደ ግቢ ተመልሳለች። ልጁ ዘንድሮ ትምህርት ይጀምራል። ለምዝገባ የወላጅ ስም ሲጠየቅ ማን እንደሚመዘገብ እሷና እናቷ ተነጋግረው ወስነዋል፤ የእሷ ስም ይግባ ተብሏል። በሮብ ገበያ አንድ ፎርም ላይ እናት ሆና ተመዝግባለች ማለት ነው። የዩኒቨርሲቲዋ ፎርም ይቀራል።